መስመሩ በጋሽ ስማቸው አጥር በኩል ሲያልፍ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አልብሶ፣ ድፎ ዳቦ ቆርሶ፣ ንግግር አስደርጎ ሸኘኝ። ንግግሩን ብዙም አልሰማሁት፤ ጆሮዬን የያዘው አጠገቤ የተቀመጠው አዲሱ ቀያሽ ነበር። እሱ መሣሪያውን በሦስት እግር አቁሞ ቁልፍ ሲጫን ልኩ ሁሉ በስክሪን ይመጣለታል። ጠጋ አለና፦

«እትዬ ብርቄ፣ እናንተ ከተማ የምትቀይሱት በገመድ ነበር አሉ፤ የምር ነው?» አለኝ።

«በገመድ ነዋ! የቀየስኩት መንገድ ጠሞ አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ስለ ገመዱ ነግረውታል፤ ገመዱን እንዴት ሰው ፊት እንደሚዘረጋ ያስተማሩኝን ሰውዬ ግን ማንም አልነገረውም። እኔ ካልነገርኩት ማን ሊነግረው ነው? ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት ንፋስ መውጫ ነው፤ ረዳት ቀያሽ ሆኜ። የመጀመሪያው አለቃዬ ዝምተኛና ጥንቁቅ ሰው ነበሩ፤ ገመድ ተዳፋት ላይ ሲዘረጋ ከመሬቱ ጋር እንዳይተኛ፣ በውሃ ልክ አግድም ይዤ ቱንቢ እንድጥል ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። የዚያ አገር ነፋስ ወረቀት ከእጅ ይነጥቃል፤ ፕላን ዘርግቼ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ስጭን ገበያተኛው ቆሞ ያየኝ ነበር። «ሴት ቀያሽ! ባሏ ምን ይላል?» ይሉኛል። «ባሌንም እለካዋለሁ!» እላቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ባል እንኳ አልነበረኝም። ደሞዙ ጫማ ለመቀየር ያህል ነበር፤ ጫማ ደግሞ በዚያ ሥራ ቶሎ ያልቃል።

ከዚያ ተዛወርኩ። ወደ እስቴ መስሎኝ ስዘጋጅ የደረሰኝ ከእስቴ ወደ ስማዳ በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ሆነ። ዝግባ ሜዳ ብዬ ልጥራት፤ እውነተኛ ስሟን ያገሬ ሰው ገምቶ ይድረስበት። አለቀስኩ። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያው የሚያፈስ ሁለት ክፍል። በር ላይ አንድ ሰፊ ሰው ወንበር አውጥተው ተቀምጠው፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው ከበዋቸው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንዱን ባለጉዳይ እየጮኹ ያነጋግሩታል። የተጣሉ መሰለኝ።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩ አንዷን።

«ምን ይሆናሉ? ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ሥራ ላይ ናቸው።»

ጋሽ ስማቸው ማለት እኒህ ናቸው። የቦታ ጉዳይ በር ዘግተው አያወሩም ነበር። አንድ ሰው ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ሊጠይቃቸው ሲል እሳቸው መልሱን ለገበያው ሁሉ ይመልሱለታል። «የአጥር ክርክርህ መጀመሪያ ቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ነው! ቦታ ከሆነ እኔ ነኝ! እኔ ከበደልኩህ የከተማው ምክር ቤት አለ፤ አፈ ጉባኤው ያቹ ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው ቤቱ። እሱም ካልሰማህ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን! እኔን ለመክሰስ የሚያስፈልግህን ይቺ ልጅ ትጽፍልሃለች!» ይቺ ልጅ እኔ ነኝ። በገባሁ በሳምንቱ ራሳቸውን የሚከስ አቤቱታ አስጻፉኝ፤ እኔ ስጽፍ እሳቸው ደግሞ ከኋላዬ ቆመው «በደሉን አሳነስሽው፣ ጨምሪበት» ይሉኛል።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣ ሲቆይ ገባኝ። በልጅነታቸው ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ቤት ድጓ ተምረዋል። እዚያ ተማሪ ሲሳሳት ለብቻው ተጠርቶ አይታረምም፤ ጓደኞቹ ሁሉ እየሰሙ ያዜማል፣ እየሰሙ ይታረማል፣ እስኪቃና ድረስ ይመለሳል። «አፍረሽ ነው የምትማሪው» ይሉኝ ነበር፤ «ለብቻሽ የታረምሽውን ነገ ትረሽዋለሽ፤ ሰው ፊት የታረምሽውን ግን ሰው ራሱ ያስታውስሻል።» ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት ጎርምሰው ነው፤ ድምፃቸው ግን እዚያው ድጓ ቤት የቀረ ነው፣ አቤት ሲጣራ!

እንዲህ ያሉ ሰው ሳሉ ነው እንግዲህ የሽማግሌው ገበሬ የአያ ደሴ ነገር የደረሰብን። የገበያውን መንገድ የሚያሰፋ ፕላን ከበላይ መጣ። ደንቡ የሚለው ሁሉ ተደረገ፤ ፕላኑ ማኅተም ተመትቶ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፣ ተቃውሞ ያለው ይምጣ ተባለ፤ ማንም አልመጣም። «ሕዝቡ ተስማምቷል» ብሎ ምክር ቤቱ አጸደቀው። ሠራተኛው ዶማና አካፋ ይዞ የአያ ደሴን ጓሮ ግድግዳ መናድ ሲጀምር ሽማግሌው ከእርሻ በሬያቸውን እየነዱ ደረሱ። አልጮኹም። በሬዎቹን አቁመው ግድግዳቸውን ያያሉ።

«ማን ፈቀደ?» አሉ።

አንዱ የምክር ቤት አባል «ኧረ አያ ደሴ፣ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አልነበረም እንዴ? ከወፍጮ ሲመለሱ ቆመው ሲያዩት እኮ አይቻለሁ» አለ።

«አይቸዋለሁ። ሥዕሉን አይቸዋለሁ» አሉ አያ ደሴ። «ሁለት መስመር ጎን ለጎን ሲሄድ የወንዝ ሥዕል መስሎኝ ነበር። ደግሞ ይህን የመሰለ ወንዝ የት አገር ይሆን ብዬ አደነቅሁ።»

ጋሽ ስማቸው ያን ድምፅ ይዘው ዝም ሲሉ ያየኋቸው የዚያን ቀን ነው። ካሳው ተከፈለ፣ ምትክ ቦታም ተሰጠ፤ አያ ደሴ ግን ሁለቱንም ከምንም አልቆጠሩትም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ወደ ስማዳ ቆላ፣ ወንድማቸው ዘንድ ወረዱ፤ ዝግባ ሜዳን ዳግም አልረገጧትም። ጋሽ ስማቸው ሊታረቁ ሽማግሌ ይዘው ወርደው ነበር። አያ ደሴ በክብር ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ «ቂም የለኝም፤ ግን አልመለስም» ብለው ሸኟቸው። ይህ አልተጠገነም። እስካሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ሲመለሱ ነው የአመዱን ሐሳብ ያመጡት። «ብርቄ፣ ከእንግዲህ ፕላን በወረቀት አናሳይም፤ መሬት ላይ እናስጣዋለን» አሉኝ። ኖራ ውድ ነው፣ አመድ ግን ከየቤቱ የሚጣል ነው። የቲማቲም ጣሳ ቂጡን በሚስማር በሳሳን። ገመዱን እዘረጋለሁ፤ ማዕዘኑን ጎኖቹ ሦስት፣ አራትና አምስት ቋጠሮ የሆኑ ሦስት ማዕዘን ሠርቼ ቀጥ አደርጋለሁ፤ እሳቸው ጣሳውን እየነቀነቁ በገመዱ ላይ ይከተላሉ። ደረቅ አመድ ነፋስ ይወስደዋል፣ በጣም የራሰው ጣሳ ውስጥ ይደፈናል፤ ልኩን ለማግኘት ስንት ቀን ተበላሽቶብናል! ጨብጠው ሲያሹት የማይበን፣ ሲለቁት የሚፈረፈር መሆን አለበት። ከዚያ የገበያ ቀን ሰው ሁሉ በመስመሩ ላይ ይሄዳል። በቃ፣ የሚመጣበትን በእግሩ ያውቀዋል። ባላገሩ «እዚህ እኮ ክረምት ውሃ ይተኛል» ይላል፤ ሴቶቹ «ወደ ምንጩ በየት ልንወርድ ነው?» ይላሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ምክር ቤቱም ድምፅ የሚሰጠው እዚያው ሜዳ ላይ፣ ቆሞ ነው። የደገፈ ከመስመሩ በዚህ፣ የተቃወመ በዚያ። ማን የት እንደቆመ ሚስቱም ታየዋለች።

እዚያው አግብቼ ልጅ የወለድኩት በመኸር ነበር። እኔ አራስ ቤት ሳለሁ ከበላይ የፕላን ባለሙያዎች መጥተው፣ ለመናኸሪያ የሚሆን ቦታ አይተው፣ «ባዶ መሬት» ብለው መዝግበው ተመለሱ። ወደ ሥራ ስመለስ ፕላኑ መጥቷል። ገመዴን ይዤ ወጣሁ፣ ጋሽ ስማቸው ጣሳቸውን ይዘው ተከተሉኝ፣ ምልክቱን ተከትዬ ስዘረጋ ስዘረጋ ገመዱ የት ላይ አረፈ? ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ በቅኔ ተማሪዎቹ ጎጆዎች ላይ!

አገሩን በማያውቅ ሰው ይፈረድበታል አልልም። በመኸር የቅኔ ተማሪ ቤቱን ትቶ በየአውድማው ይዞራል፤ ስንቁን ለምኖ እስኪመለስ ጎጆው ሣሩ ተገፎ፣ በሩ ወድቆ፣ ፍየል ያደረበት ነው የሚመስለው። እነዚያ ሰዎች የመጡት ልክ በዚያን ሰሞን ነበር። እኛ መስመሩን ባሰጣን ዕለት ግን ተማሪው እህሉን ተሸክሞ ተመልሷል፤ ጎጆውን እየከደነ ነው። አመዱን ሲያዩ ሥራቸውን አቁመው ቆሙ።

መምህራቸው መሪጌታ ኅሩይ በዘንጋቸው እየተደገፉ መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ መስመሩን በእግራቸው ነው የዳሰሱት። ከጫፍ ጫፍ ሄዱበትና ጋሽ ስማቸው ፊት ቆሙ።

«ስማቸው ልጄ፣ ይህ መስመር የምንድን ነው?»

«የመናኸሪያ ነው መሪጌታ። መኪና የሚቆምበት።»

«እኛስ ወዴት ልንቆም ነው?»

«ሌላ ቦታ ይሰጥ ይሆናል አባቴ።»

«አየህ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ቅኔ ቤት እንደ ጎተራ ተነቅሎ አይተከልም። ወንበሩ ሲነሣ ተማሪው ይበተናል፤ የተበተነ ተማሪ ሌላ መምህር ፈልጎ ነው የሚሄደው። እንደገና የምሰበስብበት ዕድሜ የለኝም። ዘንድሮ ከተነሣሁ አበቃሁ።» ይህን ብለው አልለመኑም፣ አልረገሙም፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ፕላኑን ይዞ ከበላይ የመጣ አንድ ባለሙያ አብሮን ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ተጣድፏል። በጀቱ በሰኔ ካልተጀመረበት ይመለሳል፤ መናኸሪያው ካልተሠራ ደግሞ ገበያተኛው ዝናብ ላይ መኪና ሲጠብቅ ሊኖር ነው። «ሌላ ሜዳ ካላችሁ አሳዩኝ፣ እቀይራለሁ» አለ። ጋሽ ስማቸው ወደ እኔ ዞሩ፤ «ገመድሽን ጠቅልይ፤ ሌላ እንፈልጋለን» አሉ።

ዝግባ ሜዳ ስሟ ሜዳ ይሁን እንጂ ግማሿ ገደል ነው። ከላይ ሞከርን፤ ተዳፋት። ከታች ሞከርን፤ ውሃ የሚተኛበት ጭቃ። ከመንገዱ ማዶ ብቻ ነው የተስተካከለ መሬት ያለው፤ እዚያ ደግሞ ጥቂት ቤቶች አሉ። ከእነሱ አንዱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ገመዱን ዘረጋሁ። ቋጠሮዬን ቆጠርኩ። መስመሩ የአናጢውን የሞላን አጥር አልፎ ቀጥ ብሎ በጋሽ ስማቸው አጥር ገባ።

እጄ ቆመ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ወደ ታች ብናዞረው...» አልኩ።

«ወደ ታች ውሃ ይገባዋል?»

«ይገባዋል።»

«ታዲያ ምን አስቆመሽ?»

ጣሳውን እየነቀነቁ በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ። ጓሮው ውስጥ እትዬ እናኑ፣ ባለቤታቸው፣ ጌሾ እየለቀሙ ነበር። ያን ቤት ጭቃውን ረግጠው፣ ግድግዳውን ለቅልቀው ያቆሙት እሳቸው ናቸው፤ የጌሾው ችግኝ ደግሞ ከእናታቸው ቤት የመጣ ነው። ባላቸው ጌሾው መሀል አመድ እየበተኑ ሲያልፉ ሲያዩ ቀና አሉ።

«አንተ ሰውዬ! አመድ የምትደፋው የት ላይ ነው?»

«መናኸሪያ ነው እናኑ። ወይ የመሪጌታ ወንበር ይነሣል፣ ወይ እኛና ጎረቤቶቻችን።»

«ሌላ ሰው ቢሆን ከሌላ ቤት ይጀምር ነበር!»

«ከሞላ ነው የጀመርኩት፤ እኛ ሁለተኛ ነን» አሉ፤ እንዲህ ነበሩ፣ ቀልድ ይሁን ምን አይታወቅም። እትዬ እናኑ የለቀሙትን ጌሾ በሙሉ ወረወሩባቸው። እኔ ገመዴን ይዤ አጥሩ ሥር ተሸጎጥኩ።

የገበያ ቀን ሕዝቡ በሁለቱም መስመር ሄደ። ጋሽ ስማቸው በዚያ ድምፃቸው «ይህ ቤት የእኔ ነው! ካሳም ምትክም ይነካኛል፤ ስለዚህ ዛሬ ሥራ አስኪያጅ አይደለሁም!» ብለው ከነዋሪው መሀል ገብተው ቆሙ። ስብሰባውን አፈ ጉባኤው መራው። ምክር ቤቱ ከጥቂቱ በቀር ከመንገዱ ማዶ ላለው ቦታ ቆመ። የመሪጌታ ወንበር ተረፈ፤ ተማሪዎቹ እልልታ ለማሰማት ቃጥቷቸው መምህራቸው በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። «የተነሣ ሰው አለ፤ ደስታችሁን ዋጡት» አሏቸው።

ሁሉ ያበቃ መስሎኝ ነበር። የሰው አፍ ግን! በማግስቱ ጠላ ቤቱ ሁሉ አንድ ነገር ያወራል። «ስማቸው ብልጥ ነው፤ ጭቃ ቤቱን ሰጥቶ መንገድ ዳር ማዕዘን ቦታ ሊወስድ ነው» ይላሉ። ለተነሺዎቹ ከተሸነሸኑት ምትክ ቦታዎች ውስጥ በእርግጥም አንድ ግሩም ነበረ፤ ዋናው መንገድ ዳር ማዕዘኑ ላይ፣ ሱቅ ቢሠሩበት የሚያበላ። አንድ ደግሞ መጥፎ ነበረ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ በድንጋይ ካልካቡት ክረምት ይዞት የሚሄድ። እኔው ነኝ የለካኋቸው። ወሬውን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ሄጄ ልሳደብ ስል ጋሽ ስማቸው ከለከሉኝ። ፊታቸው ግን ጠቁሮ ነበር፤ በሕይወታቸው ያላቸው አንድ ነገር የሕዝቡ እምነት ነው፣ እሱም እዚያ ዕጣ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ማዕዘኑ ለእሳቸው ከወጣ ከዚያ በኋላ አመድ ቢበትኑ ማን ያምናቸዋል?

ዕጣው በገበያ መሀል ሆነ። እያንዳንዱ ወረቀት ተገልጦ ለሕዝቡ ታየ፣ ሰው ፊት ተጣጠፈ፣ አፉ ጠባብ ቅል ውስጥ ገባ። ጋሽ ስማቸው ድሮ ያወጡት ልማድ ነበረ፤ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ቤተሰብ መጨረሻ ነው የሚያወጣው፣ የተረፈው ነው የሚደርሰው። በዚህ መሠረት ተነሺዎቹ አንድ በአንድ አወጡ። እትዬ እናኑ ለቤታቸው ዕጣ ሊያወጡ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ቆመዋል፤ ከባላቸው ጋር ከጌሾው ቀን ወዲህ አይነጋገሩም።

አፈ ጉባኤው የወጣውን ቁጥር እየጮኸ ሲሰርዝ ሁለት ቦታ ብቻ ቀረ። ማዕዘኑና ገደሉ። አናጢው ሞላ ነው ተረኛው። ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር ሽንኩርቷን ትታ ቆመች። ሞላ እጁን አግብቶ አወጣ፣ ገለጠ፣ ደነገጠ።

ማዕዘኑ!

ሞላ ደስ ሊለው ሲገባ ላብ አጠመቀው። እትዬ እናኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ያጎረሱት ጎረቤቱ ናቸው። ወረቀቱን ይዞ ወደ እሳቸው ሄደ። «እትዬ፣ እኔ ገና ጎልማሳ ነኝ፤ ገደሉን እኔ እክበዋለሁ። እንለዋወጥ፤ ማንም ቅር አይለውም» አለ። ከሕዝቡም «እውነቱን ነው! ይለዋወጡ! ለእሳቸው ይገባል!» የሚል ተነሣ። ጠላ ቤት ያሙት ሰዎች ነበሩ አብዝተው የጮኹት። ጋሽ ስማቸው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሚስታቸው አዎ ቢሉ፣ ቤታቸውን ያስነሡባቸው እሳቸው ስለሆኑ ለመከልከል አፍ የላቸውም።

እትዬ እናኑ ሞላን በእጃቸው ገለል አደረጉት። «ተው ልጄ፣ ማለፊያ ቤት ሥራበት» አሉ። ከዚያ ወደ ቅሉ ሄዱ።

አፈ ጉባኤው «እማማ፣ አንድ ነው የቀረው፤ ማውጣት አያስፈልግም፣ ታውቋል» አላቸው።

«የሁሉ እጅ ገብቶ የእኔ ለምን ይቀራል? ሰው ሁሉ ያወጣውን አሳይቷል፤ እኔም አሳያለሁ።»

እጃቸውን አገቡ። ወረቀቱን አወጡ፣ ገለጡት፣ ክንዳቸውን እስከሚችሉ ዘርግተው ወደ ላይ አነሡት፣ ገበያው በሙሉ እንዲያይ በአራቱም አቅጣጫ ዞሩ። ባላቸው ፊት ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ከዚያ ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሯቸው።

«ስማቸው፣ ቀና በል እንጂ! ምን ሰርቀህ ነው የምታቀረቅረው?»

ጋሽ ስማቸው ቀና አሉ፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ነበር፣ አልጠረጉትም። እኔማ ተዉኝ፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፤ አርብ ገበያ የምትባል ከተማም ኖሬያለሁ፣ ብዙ አለቃም አይቻለሁ፤ እንደዚያች ሴት በሰው ፊት የቆመ ሰው ግን አላየሁም።

እትዬ እናኑ ግን ጊዜም አልሰጡኝ፤ ወረቀቱን ጡታቸው ሥር ሸጎጡና ዞረው ፈለጉኝ።

«ምን ትነፋረቂያለሽ አንቺ? ገመድሽን አንሺ፤ ነይ ገደሌን ለኪልኝ።»